ጎንደር ወደ ጎርጎራ እየወረደች ነው፦ ችግኝ ለምትመርጡልን ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው በጎንደርና በዙሪያዋ በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ ምን ችግኝ የት እንደሚተከል ለምትወስኑ ሰዎች ነው። የመሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ኃላፊ ሁኑ፣ ባለሙያ ሁኑ፣ የዕድር ዳኛ ሁኑ፣ የደብር አስተዳዳሪ ሁኑ፣ ጉድጓድ አስቆፍራችሁ የምታስተክሉ ከሆነ ደብዳቤው ለእናንተ ነው። ትንሽ ይረዝማል። ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

እኔ ብዙ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ጓሮዬ ውስጥ ችግኝ የማፈላ ሰው ነኝ። አምና ክረምት ለዕድራችን ከአንድ ቦታ 40 የኮሶ ችግኝ ተሰጠን። ደስ ብሎን ተሸክመን ወሰድናቸው፤ ከከተማው በታች ወደ አዘዞ አቅጣጫ ባለች ቁልቁለት ላይ ተከልናቸው። ስንረከብ የሚያድለውን ልጅ "ልጄ፣ ዘሩ ከየት ነው የተለቀመው?" አልሁት። ሳቀ። "ጋሼ፣ ችግኝ ችግኝ ነው እኮ!" አለኝ።

መጋቢት ላይ ስንቆጥር በሕይወት የተገኙት 3 ነበሩ። አልዋሽም፣ የተወሰኑትን ፍየል ነው የበላቸው። የቀሩት ግን በቁማቸው ነው የደረቁት። በልጁ አልፈርድም፤ እሱም የተሰጠውን ነው ያደለ። ግን ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ችግኝ ችግኝ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ላስረዳችሁ፤ የመምህርነት አመል አለብኝና ከሩቅ ነው የምጀምረው፣ ቻሉኝ።

ከፒያሳ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ አዘዞ ውረዱ። ጠዋት የለበሳችሁት ሹራብ አዘዞ ላይ ይከብዳችኋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 1,966 ሜትር ላይ ነው። መቶ ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር አየሩ በግምት 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፣ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በፒያሳና በአዘዞ መካከል ያለው አንድ ዲግሪ ቢሆን ነው። ሹራቡ ግን ያውቃታል። ወደ ደባርቅ ስትወጡ ከ2,800 ሜትር ታልፋላችሁ፣ ልዩነቱም አራት ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ እዚያ ጋቢ ነው። አባቶቻችን ቴርሞሜትር ሳያውቁ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፈሉት ይህንኑ ነው።

እሺ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝን ቁጥር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። የሀገር አማካይ ነው፣ የጎንደር ብቻ አይደለም። ግን በእኛ አቆጣጠር እንቁጠረው። መቶ ሜትር 0.6 ዲግሪ ከሆነ፣ 1.3 ዲግሪ ማለት ከ200 ሜትር በላይ መውረድ ማለት ነው። ቤታችሁን፣ ግንቡን፣ ገበያውን፣ ጓሮውን ሁሉ ተሸክማችሁ 200 ሜትር ወደ ጣና ዳሩ ሜዳ፣ ወደ ደምቢያ ወርዳችኋል ማለት ነው። ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ከቤታችን ሳንወጣ ጎርጎራ እንደርሳለን። (ዓሣው አብሮን ቢመጣ ጥሩ ነበር፤ የሚመጣው ግን ሙቀቱ ብቻ ነው።)

ሰው ሲሞቀው ሹራቡን ያወልቃል፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ከመረረውም አገር ይለቃል። የተተከለ ነገር ግን የትም አይሄድም። ታዲያ ዛፍ ሲሞቀው ምን ያደርጋል?

ያልበዋል ብል አትሳቁብኝ። ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉ። ሲከፈቱ ውኃ በእንፋሎት ይወጣል፣ ቅጠሉም ይቀዘቅዛል፤ እኛ በላበን ገላችን ላይ ነፋስ ሲነፍስ ቀዝቀዝ እንደሚለን ነው። ምግቡን የሚሠራበት አየርም የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነው። ጣጣው መሬቱ ሲደርቅ ነው። ከከፈተው ውኃው ያልቅበታል። ከዘጋው ይግላል፣ ይራባልም። የእኛ ኮሶዎች መጋቢት ላይ የገቡበት አጣብቂኝ ይህ ነው። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፣ ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ የሚመቸው። ሰፊ ቅጠሉን ይዞ በጭጋግ መካከል መኖር ለምዷል። አዘዞ ቁልቁለት ላይ አምጥቶ ማቆም የደባርቅን ሰው በጋቢና በካፖርት መተማ ላይ እንደ ማሰለፍ ነው።

ወይራን ደግሞ እዩ። አንድ ቅጠል ቀጥፋችሁ ገልብጡት። ላይኛው ፊት ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከሥር በኩል ወርቃማ ቡናማ ነው፣ በጥቃቅን ቅርፊት ተሸፍኗል። ቀዳዳዎቹ ያሉት በዚያ ሽፋን ሥር ነው። ንፋስ በቀጥታ አያገኛቸውም፣ ውኃውም ቶሎ አያልቅም። ግራር ደግሞ ቅጠሉን ቆራርጦ ትንንሽ አድርጎታል፤ ትንሽ ቅጠል ሙቀቱን ለአየሩ ቶሎ ያስረክባል። እነዚህ በአንድ ቀን የመጡ ዘዴዎች አይደሉም። እልፍ ትውልድ የሞተባቸው ናቸው።

በውስጥም ሌላ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፌሩቺዮ ሪቶሳ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ ያሳተመው ነገር ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት ታሪክ ነበር። የሚያጠናቸው ትንንሽ የፍራፍሬ ዝንቦች ያሉበትን ሣጥን አንድ ሰው ሳያውቅ ሙቀቱን ከፍ አደረገበት። ሪቶሳ ተበላሹ ብሎ አልጣላቸውም። በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው፣ ክሮሞዞማቸው ላይ ከዚያ በፊት ዝም ብለው የነበሩ ቦታዎች ተነፍተው ሥራ ጀምረዋል። ኋላ ሲጠና፣ ሴል ሙቀት ሲያስደነግጠው የሚያመርታቸው የተለዩ ፕሮቲኖች እንዳሉ ታወቀ። ሥራቸው ሙቀት ያጣመማቸውን ሌሎች ፕሮቲኖች ደግፎ ማቃናት ነው። እንቁላል ሲቀቀል የሚረጋው ፕሮቲኑ ቅርጹን ስለሚያጣ ነው፤ እነዚህ ደጋፊዎች በሕይወት ያለ ሴል እንዲያ ሆኖ እንዳይቀር ይታገላሉ። ዝንብም አላት፣ ጤፍም አለው፣ እናንተም አላችሁ። ግን ድጋፉ ጉልበት ይፈጃል። ለዚህ የዋለ ጉልበት ለፍሬና ለሥር አይውልም። አንድ ዛፍ አልደረቀም ማለት ደልቶታል ማለት አይደለም።

አሁን ወደዚያ ልጅ ቃል እንመለስ። አንድ ወይራ ደባርቅ አጠገብ በብርድ፣ ሌላ ወይራ ወደ ቆላው በሚወርደው አፋፍ ላይ በሙቀት፣ ለብዙ ትውልድ ቢኖሩ ስማቸው አንድ ይሆናል እንጂ ጠባያቸው አንድ አይሆንም። በብርዱ አገር ውርጭ የማይችለው ሁሉ ገና በችግኝነቱ አልቋል፤ የቀረው የቻለው ነው። በሙቀቱ አገር ድርቅ የማይችለው አልቋል። ዘሩ የእናቱን አገር ይዞ ይመጣል። የጎንደርና የመንዝ ሰው አንድ ቋንቋ እየተናገሩ በአነጋገራቸው እንደሚለዩት ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ከተለያየ ከፍታ የተለቀመ ዘር አንድ መደብ ላይ ዘርቶ ጠብቆ ማየት ነው። የደን ባለሙያዎች በብዙ አገር ከድሮ ጀምሮ ሲሠሩት የኖሩት ሙከራ ነው። ስለዚህ "ወይራ ተክለናል" የሚል ሪፖርት ስሰማ ለእኔ ወሬው ገና አላለቀም። የየት ወይራ?

እኔም በጓሮዬ አቅም ሞክሬዋለሁ። ሃያ ችግኝ በደጋው በኩል ከዳባት በላይ ከተለቀመ ዘር፣ ሃያ ደግሞ ደምቢያ ውስጥ ካለ ደብር ራሴ ከለቀምሁት። ያለፈውን በጋ የደምቢያዎቹ በተሻለ አለፉት። ጥናት አልለውም። ሃያ ችግኝ ምንም አያረጋግጥም፤ ተማሪዬ ይህን ይዞ ቢመጣ ኖሮ "ገና ነው፣ ሂድ ድገመው" ነበር የምለው። ጥያቄዬን ግን አበዛብኝ።

የሚገርመው ገበሬ ይህን ጥያቄ አይረሳም። ገበያ ወጥቶ ዘር ሲገዛ "ገብስ ነው ወይ?" ብሎ አይበቃውም። የየት አገር ነው፣ የደጋ ነው የወይና ደጋ፣ በስንት ወር ይደርሳል ይላል። ዝናቡ ከዘገየ ቶሎ የሚደርሰውን ይዘራል። ሰርገኛ ጤፍ ያለበት አገር ሰዎች ነን፤ ቅልቅል እንደማይጎዳ እናውቃለን። በነገራችን ላይ ጤፍ እንደ ማሽላና እንደ በቆሎ በሙቀትና በኃይለኛ ፀሐይ ላይ በደንብ የሚሠራ የቅጠል አሠራር አለው። ገብስና ስንዴ ያ የላቸውም። ስለዚህ አየሩ በሞቀ ቁጥር ጤፉ ዳገት ይወጣል፣ ገብሱ ከላይ ቦታ ይጠበዋል። ድንችም ሌሊቱ ካልቀዘቀዘለት ቅጠሉ ብቻ ይዘናፈልና ከሥሩ አይቋጥርም። ገበሬው ለአንድ ዓመት ሰብል ይህን ሁሉ ይጠይቃል። እኛ መቶ ዓመት ለሚቆም ዛፍ አንጠይቅም።

ንብ ደግሞ ሌላ ናት። እሷ የምታስተካክለው ቤቷን ነው። ዕጮቿ ያሉበት የእንጀራው ክፍል ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል መቆየት አለበት። ሲበርድ ተጠጋግተው የክንፋቸውን ጡንቻ በማንቀጥቀጥ ያሞቁታል። ሲሞቅ ውኃ ቀድተው እያመጡ እንጀራው ላይ ያርከፈክፉና በክንፋቸው ያራግቡታል። እናቴ ቀፎ ነበራት። ሚያዝያ ላይ ከቀፎው አፍ ተደርድረው ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ "ዛሬስ ንቦቹም ሞቃቸው" ትል ነበር፣ እኔ ልጅ ነኝ፣ ሊበሩ ፈልገው አቅም ያጡ ይመስለኝ ነበር። ውኃ ስትቀዳ የዋለች ንብ አበባ ስትቀስም አልዋለችም። ሙቀት ማር ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ተነስቶ አዳነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግን። ለዚህች ከተማ ንብ ባለውለታ ናት።

ሌላው የንብ ችግር ቀጠሮ ነው። አንዳንዱ ተክል ዝናብን ተከትሎ ያብባል፣ አንዳንዱ ሙቀትን፣ አንዳንዱ የቀኑን ርዝመት። እኛ ጋ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆንም ተክሎች እሷኑ ይቆጥሯታል። ዝናቡና ሙቀቱ ሲለዋወጥ የቀኑ ርዝመት ግን ያው ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ይፈርሳል። አበባው ወጥቶ ንቧ አልደረሰችም፣ ወይም ንቧ ስትወጣ አበባው ረግፏል።

አሁን አንድ ነገር አስምሩልኝ። መላመድ ለሁሉም እኩል አይደለም። ወይራ ዘርቶ ልጁን ለፍሬ ለማየት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። የወባ ትንኝ ከእንቁላል እስከ እንቁላል በሙቀት ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃታል። አንድ ወይራ ቆሞ በሚኖርበት ዘመን ትንኟ በሺህ የሚቆጠር ትውልድ ታሳልፋለች። በየትውልዱ ከአዲሱ አየር ጋር የሚስማማው ይቀራል፣ የማይስማማው ይሞታል። ትንኟ ትቀድማለች። ደግሞ የሚቀድመን ሁሉ የምንወደው አይደለም።

ወባን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ደምቢያ ደግሞ ከሁላችን በላይ ታውቀዋለች። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ተውሳክ ከ18 ዲግሪ በታች በትንኟ ሆድ ውስጥ አይበስልም ማለት ይቻላል። በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ያን ያህል የምትቆይ ትንኝ ጥቂት ናት። በ25 ዲግሪ 12 ቀን ያህል ይበቃዋል። አያችሁ? ሁለትና ሦስት ዲግሪ ምን ያመጣል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው ጠርዝ ወጥቶ በሀገሪቱ 150,000 ገደማ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋዎች ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። ይህን ያመጣሁት ስለ አጎበር ለማውራት አይደለም። ዳገቱን የሚወጣው ዛፉ ብቻ እንዳልሆነ እንድታዩልኝ ነው።

ከሁሉ ግን የሚያሳዝነኝ የሰሜን ተራራ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። ተማሪ ይዤ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ። ከሥር ያለው ሁሉ ሲሞቀው ሽቅብ ይሸሻል፤ ለጊዜው ያዋጣል። ግን የሞሰብ ክዳንን አስቡት። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ይጠባል፣ ጫፉ ላይ ቁንጢጥ ታህላለች። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን አለቀ። ጭላዳ የሚኖረው በሣር ነው፤ ሣር ግጦ የሚያድር ዝንጀሮ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። ሣሩ ሽቅብ ከሄደ አብሮ ይሄዳል። ቀይ ቀበሮ በመላ ኢትዮጵያ ለአቅመ ልደት የደረሰው 500 እንኳ አይሞላም፣ እሱም ጓሳው ላይ አይጥ አድኖ ነው የሚያድረው። ዋልያው ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። ከሥር እርሻውና በጉ ይገፋል። ከላይ ሰማይ ነው።

ተራራው አናት ላይ የሚበቅለውን ተክል፣ ጅብራን ያየ ሰው ይገባዋል። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ቅጠሎቹን እንደ ጎመን ጠቅልሎ መካከለኛውን ቀንበጥ ያሞቃል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይዘረጋቸዋል። እንዲህ ያለ ብልህ ተክል የለም። ብልሃቱ ሁሉ ግን ለብርድ ነው። ለሙቀት ያስቀመጠው የለውም። ደግሞ ብዙ ዓመት ጠብቆ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ያቺ አንድ ዕድሉ በመጥፎ ዓመት ላይ ከዋለች አበቃ። የተጠና ነገር አለ፤ ሙቀቱ ክፉኛ ከጨመረ እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅብራ የሚመቸው ቦታ ዛሬ ካለው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ እሱም በተራራቁ ጥቂት ጫፎች ላይ። ጅብራን እናንተም እኔም ችግኝ አፍልተን አናድነውም። ለእሱ የሚያስፈልገው ሌላ ደብዳቤ ነው፣ ከጎንደር ራቅ ላሉ ሰዎች የሚጻፍ።

እኛ የምንችለው የመሀሉን ነው። ዛፍ እግር የለውም አልሁ አይደል፤ እግሩ ወፍ ነው። የወይራን ፍሬ ወፍ ትበላለች፣ ፍሬዋን ሌላ ቦታ ትጥላለች፣ ዛፉ አንድ እርምጃ ሄደ ማለት ነው። ወፏ ግን ማረፊያ ትፈልጋለች። በዙሪያችን ያ ማረፊያ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ከደምቢያ እስከ ዳባት በየደብሩ ያለው ጥድና ወይራ ባይኖር ኖሮ ዘር የሚሄድበት መንገድ አይኖርም ነበር። በመካከል ሁለት ሦስት ዛፍ ያለበት የእርሻ ድንበር፣ የወንዝ ዳር፣ የትምህርት ቤት አጥር ሲቆረጥ የዛፉን እግር ነው የቆረጥነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ዘር ሲለቀም ከየት ደብር ወይም ከየት ቀበሌ እንደተለቀመና ከፍታው ስንት ሜትር እንደሆነ ይጻፍ። ስልካችሁ እንኳ ከፍታ ይነግራችኋል። ችግኙ ሲታደል ወረቀቷ አብራ ትታደል። ለጎንደር የሚተከለው ዘር ሁሉ ከጎንደር በላይ የተለቀመ አይሁን፤ ግማሹ እዚሁ ካለው፣ የቀረው ደግሞ ከ200 እና ከ300 ሜትር ዝቅ ካለ ቦታ ይምጣና ይቀላቀል። አንድ ባለሙያ ወዳጄ ይህን ስነግረው "ጋሼ፣ የቆላውን ብታመጣው የኅዳር ብርድ ይፈጀዋል" አለኝ። ልክ ነው። ለዚህ ነው መተማ ድረስ ውረዱ ያላልሁት። ለዚህ ነው ቀላቅሉት የምለው። የትኛው እንደሚሻል ዛሬ እኔም እናንተም አናውቅም፤ ዓመቶቹ ይመርጡልን።

ኮሶን ደባርቅ ትከሉት፣ እዚያ ይደሰታል። (ኮሶ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እንኳን ዛፉን ስሙን ስሰማ ሆዴ ይላወሳል፣ ግን አልጠላውም።) ለእኛ ቁልቁለት ዋንዛ ስጡን። አበባውን ንብ ትወደዋለች፣ ፍሬውን ልጆች ይመጡታል፣ ጣውላውን ማንም አናጢ አይጠላውም። ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ አልናገርም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አብሮን አለ፣ ለስንቱ ቤተሰብ የችግር ቀን ብር ነው። ቦታው ከምንጭ ራቅ ይበል እንጂ።

የቆመውን ትልቅ ዛፍ ደግሞ አደራ። መንገድ ሲሰፋ፣ ግቢ ሲታደስ "በምትኩ አሥር ችግኝ እንተክላለን" ሲባል እሰማለሁ። አሥር ችግኝ አንድ ሰው አያስጠልልም። አንድ ትልቅ ዛፍ ከሥሩ ውኃ እየሳበ በቅጠሉ እያተነ ሰፈሩን ያቀዘቅዛል፤ ቆርቆሮውና አስፋልቱ ግን ያሞቁታል። ጥምቀት ሲደርስ የፋሲል መዋኛ ሂዱና ግንቡን የታቀፉትን የዛፍ ሥሮች እዩ። ያን ያህል ለመታቀፍ ስንት ዓመት ፈጀባቸው? ትልቁ ዛፍ ደግሞ ዘር የምንለቅምበት እናት ነው። እሱ ያየውን ድርቅና ብርድ ሁሉ አልፎ የቆመ ነው፣ ከእሱ የተሻለ የዘር ምንጭ ከየት ይመጣል?

ሌላው የመቁጠር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላ ሀገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስተክል ውዬ ነበር፣ ደስም ብሎኛል። ግን የሐምሌ ቁጥር የጉድጓድ ቁጥር ነው። ሐምሌ ላይ ዱላም ብትተክሉ ለምልሞ የሚያድር ይመስላል። መጋቢት ላይ ቁጠሩልን። የቀረውን፣ የሞተውን፣ የየትኛው ዘር እንደቀረ ጻፉልን። የእኛ 3 ከ40 የሚያሳፍር ቁጥር ነው፣ ግን ከእሱ ብዙ ተምሬበታለሁ።

በነገራችን ላይ ሦስቱ ኮሶዎች አሁንም አሉ። አንዱ ከአንድ አሮጌ ዋንዛ ጥላ ሥር ነው ያለ፣ ሁለቱ ደግሞ ከድንጋይ ካብ በስተሰሜን፣ የቀትር ፀሐይ በማያገኛቸው በኩል። እኛ አስበንበት አልነበረም። ጉድጓዱን የቆፈረው ጎረምሳ ፀሐይ ሰልችቶት ጥላ ጥላውን ፈልጎ የቆፈረው ነው።

እኔ ጋ አሁን 200 የወይራ ችግኝ አለ። ፍሬውን ከደምቢያ በኩል ከሁለት ደብር፣ የቀረውን እዚሁ ጎንደር ለቅሜ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን የፍሬውን ፍሬ አንድ በአንድ ሰንጥቄ ያፈላሁት ነው። ጣቴ እስካሁን ይመሰክራል። ከየት እንደመጣና ከፍታውን በወረቀት ጽፌ በየፕላስቲኩ ላይ አስሬያለሁ። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት መኪና ልካችሁ ውሰዱት፤ በነጻ ነው፣ ወረቀቱን እንዳትጥሉብኝ ብቻ። ሰፈሩ ያውቀኛል፣ "ችግኝ የሚያፈሉት ጋሼ" ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ጠዋት ቤት አለሁ።